የአንዲት ፊደል ልዩነት፦ ዘረ-መልና የጉበት ካንሰር

[ምስል፦ የዳላስ ከተማ ከላይ ሲታይ፤ ከዚያም የሰው ጉበት ንድፍ ቀስ ብሎ ይገለጣል።]

ተራኪ፦ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ በዳላስ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች የነዋሪዎችን ጉበት በማግኔታዊ መሣሪያ ሲለኩ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠማቸው። ከመጠን ያለፈ የጉበት ስብ የተገኘባቸው ሰዎች ድርሻ ከላቲን አሜሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ነዋሪዎች ዘንድ 45 በመቶ፣ በነጮች ዘንድ 33 በመቶ፣ በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ግን 24 በመቶ ብቻ ነበር። የጥቁር አሜሪካውያኑን ዝቅተኛ ቁጥር የሰውነት ክብደትም ሆነ የመጠጥ ልማድ ሊያስረዳው አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የተመራማሪዎቹ የሔለን ሆብስና የጆናታን ኮኸን ቡድን በ2,111 ሰዎች ላይ ከ9,000 የሚበልጡ የዘረ-መል ልዩነቶችን ከጉበት ስብ ልኬት ጋር አነጻጸረ፤ ከእነዚህም መካከል አንዱ ከሌሎቹ ሁሉ ጎልቶ ወጣ። በ22ኛው ክሮሞዞም ላይ በሚገኘው ፒኤንፒኤልኤ3 በተባለው ዘረ-መል ውስጥ፣ «ሲ» በነበረበት ቦታ «ጂ» የተተካበት፣ የአንዲት ፊደል ለውጥ ነበር።

ስለ ስብ የጀመርነው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከ860,000 በላይ ሰዎች የጉበት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ በዚያው ዓመት ከ750,000 በላይ ሰዎች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። ሁለቱ ቁጥሮች ይህን ያህል መቀራረባቸው በሽታው ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚታወቅ ይነግረናል። ከጉበት ከራሱ የሚነሣው ካንሰር ደግሞ በአብዛኛው በጤነኛ ጉበት ላይ ድንገት አይበቅልም፤ ለዓመታት ሲቆስልና ሲጠግን፣ ሲጠግንና ሲቆስል በኖረ፣ በመጨረሻም ጠባሳ በሞላው ጉበት ላይ ነው የሚነሣው። ሐኪሞች ይህን ጠባሳማ ጉበት ሲሮሲስ ይሉታል። ጉበትን እንዲህ ከሚያቆስሉት ነገሮች አንዱም በውስጡ የሚከማች ስብ ነው።

[ምስል፦ የዲኤንኤ ገመድ፤ በላዩ ላይ አራቱ ፊደላት፣ ኤ፣ ቲ፣ ሲ፣ ጂ ይታያሉ።]

እያንዳንዳችን ከእናትም ከአባትም የወረስነው፣ ዲኤንኤ የተባለ የዘር ጽሑፍ አለን፤ በእያንዳንዱ ቅጂ ውስጥም ሦስት ቢሊዮን ገደማ ፊደላት አሉ። ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች ጽሑፋቸው ቢነጻጸር በአማካይ ከሺህ ፊደል በአንዱ ገደማ ይለያያሉ፤ አብዛኛው ልዩነትም ምንም ለውጥ አያመጣም። አንዳንዱ ግን ትርጉም ይለውጣል፤ «መላ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደሉ ተቀይሮ «በላ» ሲሆን ሌላ ነገር እንደሚናገር ማለት ነው። በፒኤንፒኤልኤ3 ላይ የተከሰተው ይህ ነው። ዘረ-መሉ በሚያሠራው ፕሮቲን 148ኛ ቦታ አይሶሉሲን የተባለው አሚኖ አሲድ፣ ማለትም የፕሮቲን መገንቢያ፣ በሌላው በሜቲዮኒን ይተካል።

ውጤቱ ምንድን ነው? ስብ በጉበት ሴሎች ውስጥ በጥቃቅን ጠብታዎች መልክ ይቀመጣል፤ ሴሉም በሚያስፈልገው ጊዜ ይህን ስብ የሚሰባብሩ ፕሮቲኖች አሉት። የተለወጠው ፕሮቲን በወቅቱ ተወግዶ መጥፋት ሲገባው፣ ከሴሉ የማስወገጃ ሥርዓት ያመልጥና በስብ ጠብታው ላይ ይከመራል። እዚያም ሆኖ ስብ ሰባሪው ኤንዛይም የሚፈልገውን ረዳት ይሻማል። ስለዚህ ስቡ ሳይሰበር ይቀራል። እዚህ ላይ በሽታውን የሚያመጣው አንድ ነገር መጉደሉ ሳይሆን፣ መሄድ የነበረበት ነገር አልሄድ ማለቱ ነው፤ መድኃኒት ፈላጊዎች ይህን ፕሮቲን ለመቀነስ የሚሞክሩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

የ«ጂ» ቅጂ ድርሻ በዳላሱ ጥናት ከላቲን አሜሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች 49 በመቶ፣ በነጮች 23 በመቶ፣ በጥቁር አሜሪካውያን 17 በመቶ ነበር። ቅደም ተከተሉ ከስቡ ቅደም ተከተል ጋር አንድ ነው። ከስብ እስከ ካንሰር ያለውን መንገድ በተመለከተም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የአውሮፓ ጥናት ከመጠጥ ጋር ባልተያያዘ የጉበት ስብ በሽታ በተያዙ ሰዎች መካከል፣ ሁለቱም ቅጂዎቻቸው «ጂ» የሆኑት ሰዎች ሁለቱም «ሲ» ከሆኑት ይልቅ በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው አምስት እጥፍ ገደማ እንደሆነ አሳየ።

«አምስት እጥፍ» የሚለው ቃል ያስደነግጣል፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። ለማሳያ ያህል፣ ከ10,000 ሰዎች 2 ብቻ በሚታመሙበት ቦታ አምስት እጥፍ ማለት 10 ሰዎች ናቸው፤ የቀሩት 9,990 ቅጂውን ይዘው ያለ ካንሰር ይኖራሉ። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በዳላስና በኮፐንሃገን ነዋሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ ይኸው ልዩነት በቀጫጭን ሰዎች ጉበት ላይ የሚያሳርፈው ጫና አነስተኛ ሲሆን፣ ክብደት በጨመረ ቁጥር እየበረታ ይሄዳል። የወረስነው ፊደል ብቻውን አይናገርም፤ ድምፁን የሚያጎላው ወይም የሚያዳክመው የምንበላው፣ የምንጠጣውና ያገኘን ኢንፌክሽን ነው። እንደ እኔ እምነት በዚህ ርዕስ ላይ ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ነጥብ ይህ ነው።

ልዩነት ሁሉ ጎጂ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ኤችኤስዲ17ቢ13 በተባለ ዘረ-መል ውስጥ የተገኘ አንድ ለውጥ ፕሮቲኑን ከሥራ ውጭ ያደርገዋል፤ ተሸካሚዎቹም ከመጠጥም ሆነ ከስብ በሚመጣ ሲሮሲስ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ የተለመደው የኤችኤፍኢ ለውጥ በአንጻሩ ሰውነት ብረትን ከልክ በላይ እንዲያከማች ያደርጋል፤ ከሁለቱም ወላጆች የወረሱት ወንዶችም የጉበት ካንሰር ሥጋታቸው ከፍ ይላል።

[ምስል፦ የበቆሎ ጎተራ፤ በፍሬዎቹ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ።]

እስካሁን ያወራነው ከወላጅ ስለሚወረስ ልዩነት ነው። ሁለተኛው ዓይነት ከዚህ የተለየ ነው፤ ሰው ከተወለደ በኋላ በአንድ የጉበት ሴል ውስጥ የሚፈጠር፣ ለልጅም የማይተላለፍ ለውጥ ነው። ሁለቱን ማምታታት በዘር ሐረግ ላይ ያልተገባ ፍርሃት ይጭናል። ከጉበት ካንሰሮች በግማሽ ገደማ የሚታየው ቴርት የተባለውን ዘረ-መል የሚቀሰቅሰው ለውጥ ለዚህ ምሳሌ ነው፤ ሴሉ ሳያረጅ መከፋፈሉን እንዲቀጥል ይረዳዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ከአፍላቶክሲን ጋር የተያያዘው ነው። አፍላቶክሲን በአግባቡ ባልደረቀ በቆሎና ኦቾሎኒ ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በቻይናዋ ቺዶንግ አካባቢና በደቡባዊ አፍሪካ የተሠሩ ሁለት ጥናቶች፣ መርዙ በሚበዛባቸው አካባቢዎች በሚገኙ ዕጢዎች ውስጥ ቲፒ53 በተባለው የካንሰር መከላከያ ዘረ-መል 249ኛ ቦታ ላይ ተመሳሳይ ለውጥ ደጋግመው አገኙ። መርዙ የጣት አሻራውን በዲኤንኤው ላይ ትቶ ሄዷል ማለት ይቻላል።

ይህ መርዝ ጉበትን ከሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ጋር ሲገናኝ ጉዳቱ የሁለቱ ድምር ብቻ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው የሻንጋይ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከሁለቱም ነጻ ከሆኑ ወንዶች ጋር ሲነጻጸር አፍላቶክሲን ብቻ ያገኛቸው ሰዎች ሥጋት 3.4 እጥፍ፣ ቫይረሱ ብቻ ያለባቸው 7.3 እጥፍ፣ ሁለቱም የተገናኙባቸው ደግሞ 59.4 እጥፍ ነበር።

ይህ ጉዳይ ከኢትዮጵያም ደጃፍ የራቀ አይደለም። አፍላቶክሲን በገበያ በሚሸጥ በርበሬና ሽሮ ላይ፣ በኋላም በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚመረት ወተት ውስጥ ተገኝቷል፤ በወተቱ ረገድ ዋነኛው ምንጭ ለላሞች የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ ነበር። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በሀገሪቱ መደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው በሕፃንነቱ የመከተብ ዕድል አላገኘም ማለት ነው። በሕዝብ ዘንድ «የወፍ በሽታ» ተብሎ የሚታወቀው የዓይን ቢጫ መሆን ብዙ ጊዜ የጉበት ሕመም ምልክት ነው፤ ቫይረሱ ግን ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊኖር ይችላል፤ መኖሩ የሚታወቀውም በደም ምርመራ ነው።

[ምስል፦ የአልትራሳውንድ ምርመራ።]

በሕይወት ስለመቆየትስ? እዚህ ላይ ቃላችንን መቆጠብ ይኖርብናል። አንድ ታማሚ ምን ያህል እንደሚኖር በዋናነት የሚወስኑት ዕጢው ሲገኝ የነበረው መጠንና ሥርጭት፣ የቀረው የጉበት ክፍል የመሥራት አቅም፣ እንዲሁም ቀዶ ሕክምናን የመሰለ ሕክምና የማግኘት ዕድል ናቸው። «ይህ ዘረ-መል ያላቸው ታማሚዎች ረዘም ላለ ጊዜ ኖሩ» የሚሉ ጥናቶች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ በአንድ ሆስፒታል በተሰበሰቡ ጥቂት መቶ ታማሚዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። በርካታ ልዩነቶች በአንድ ጊዜ ሲፈተኑ አንዳንዶቹ በአጋጣሚ ብቻ ጠቃሚ ይመስላሉ። በበሽታው የመያዝ ሥጋትን በሚመለከቱ ጥናቶች እንኳ ይህ ደርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በቻይና በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ተገኝቶ ተስፋ የተጣለበት በ1ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ ልዩነት፣ በሌሎች የእስያ ሕዝቦች ላይ ሲፈተሽ አልተደገመም። በተጨማሪም ትልልቆቹ ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት በአውሮፓውያንና በምሥራቅ እስያውያን ላይ ነው፤ የእነርሱን ውጤት ለአፍሪካ ታማሚ እንዳለ መውሰድ ትክክል አይሆንም።

ስለዚህ ዛሬ ሐኪም የጉበት ካንሰር ሕክምናን በመደበኛነት የሚመርጠው በተወረሰ ልዩነት አይደለም። ሲሮሲስ ያለበት ሰው በየስድስት ወሩ የጉበት አልትራሳውንድ እንዲነሣ የሚመከረው ግን፣ ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ ሲገኝ የመዳን ዕድል ስለሚኖር ነው።

ወደ ቺዶንግ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የዚያ አካባቢ ሕዝብ ዋና ምግቡን ከበቆሎ ወደ ሩዝ ቀየረ፤ በሰዎች ደም የሚለካው የአፍላቶክሲን መጠንም በእጅጉ ወረደ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከመጀመሩ በፊት በተወለዱ ሰዎች ዘንድ ሳይቀር፣ በጉበት ካንሰር የሚሞቱ ወጣቶችና ጎልማሶች ቁጥር ቀነሰ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከወላጆቻቸው የወረሱት ዘረ-መል ያው የቀድሞው ነበር፤ የተለወጠው በጎተራቸው ያለው እህል ነው።