የቡና ቅጠሉ ሁለተኛ ህትመት

እንደምን ዋላችሁ! ወላጆች፣ መምህሮቻችን፣ የክፍል ጓደኞቼ፣ ይሄን የጅማ ዝናብ ችላችሁ የህትመት ሥራዎቻችንን ለማየት ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ቅድም አንድ እናት አንዱን ሥራዬን ወደዱትና «ልጄ፣ የዚህ ሌላ ኮፒ አለሽ?» አሉኝ። የለኝም፣ እማማ። ህትመት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚባዛ ነገር ነው የሚታየን። ሞኖፕሪንት ግን አይባዛም። መስታወት ላይ ቀለም እንቀባለን፣ ወረቀት እናለብሰዋለን፣ አሽተን እናነሳዋለን። አለቀ። ቀለሙ ወደ ወረቀቱ ሄዷል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ካስቲሊዮኔ በፈረንጆቹ 1640ዎቹ ይሠራበት ነበር። የመዳብ ሰሌዳውን ጥቁር ቀብቶ፣ ብርሃኑን ከጥቁሩ ላይ እየጠረገ ያወጣ ነበር። እኔም የጀመርኩት በዚሁ መንገድ ነው። በሩ አጠገብ የተሰቀለው የአዌቱ ወንዝ ሥዕል እንደዚያ የተሠራ ነው። ውሃው ጨርቅ የጠረገው ቦታ ነው።

ማተሚያ ማሽን የለንም። የምናሸው በማንኪያ ጀርባ ነው። ክንድ ያዝላል፣ ግን ወረቀቱ የት ጋ ቀለሙን እንደያዘ እጅ ያውቀዋል። በጣም የቸገረኝ የቀለሙ ውፍረት ነበር። ሲበዛ ሁሉም ይጨማለቃል። አሁን በጆሮዬ ነው የምለየው። ቀለም የምንቀባበት ተሽከርካሪው ሮለር መስታወቱ ላይ ሲሄድ ሽሽሽ ካለ በቂ ነው። የሚጣበቅ ድምፅ ካሰማ በዝቷል።

ዛሬ በደንብ ልነግራችሁ የምፈልገው ግን ስለ ቡና ቅጠሉ ነው። ከጓሯችን ቆርጬ፣ ጀርባውን ወደ ቀለሙ አድርጌ መስታወቱ ላይ አስተኛሁት። ወረቀት አልብሼ አሸሁ። ሳነሳው ቅጠሉ ያረፈበት ቦታ ባዶ ነጭ ነው። ቅርፁ አለ፣ ውስጡ ምንም የለም። ለወራት እዚህ ላይ ነበር የማቆመው። ህትመቱን ሰቅዬ መስታወቱን በጋዝ አጥብ ነበር።

አንድ ቀን ቅጠሉን በጥፍሬ አንስቼ፣ ሳላጥብ ሌላ ወረቀት አለበስኩት። ወረቀቱን ስገልጠው አፌን ይዤ ቀረሁ። በቅጠሉ ዙሪያ የነበረው ቀለም በመጀመሪያው ወረቀት ሄዶ ደብዝዟል። ቅጠሉ የሸፈነውን ቀለም ግን ወረቀቱ አልነካውም። የቅጠሉ ደም ሥሮች ተጭነው አንስተውት ስለነበር፣ መሃሉም ከመሃሉ የሚወጡት ቀጫጭኖቹም አንድ በአንድ ነጣ ብለው ወጡ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከሥሩ ስጫወት የኖርኩበት ቡና ነው። ቅጠሉን እንደዚያ አይቼው አላውቅም።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤድጋር ደጋም ይሄን ሁለተኛ ህትመት አይጥለውም ነበር። ከአንዱ ሰሌዳ ሁለቴ ያትምና በደበዘዘው ላይ ፓስቴል በሚባል ጠመኔ መሰል ቀለም ይሠራበታል። በብዙ የሚደነቁ ሥራዎቹ ከፓስቴሉ በታች እንዲህ ያለ ህትመት አለ። ይሄን ያወቅኩት በኋላ ነው። ያጠብኳቸው መስታወቶች እስከ ዛሬ ይቆጩኛል።

ስለዚህ እዚህ ሁለት ሁለት ሆነው የተሰቀሉትን አብራችሁ እዩአቸው። አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ነው። እማማ፣ ኮፒ የለኝም ያልኩዎት ሥራም ከጎኑ ወንድሙ አለ፤ ይዩት።

መስኮቱ ጋ መስታወት፣ ቀለምና ሦስት ማንኪያ አዘጋጅተናል። ቅጠሎቹ ዛሬ ጠዋት የተቆረጡ ናቸው። ልጆች ይቅደሙ፣ እጅጌ ሰብሰብ ይደረግ፣ ቀለሙ ከልብስ አይለቅም። የመጀመሪያውን ስታነሱ መስታወቱን እንዳታጥቡት፤ ሁለተኛውን ወረቀት እኔ አቀብላችኋለሁ።