የአቢዶስን ግድግዳ ለማንበብ

ክቡራትና ክቡራን፣

ወደ ላይኛው ግብፅ ልትጓዙ ስለሆነ፣ በአቢዶስ ስላለው፣ የጥንቱ የግብፅ ንጉሥ ቀዳማዊ ሴቲ ስላሠራው ቤተ መቅደስ ጥቂት ልንገራችሁ። ይህን ቤተ መቅደስ ብዙ ሰው የሚያውቀው በፌስቡክ በሚዞረው፣ ሄሊኮፕተር የሚመስል ቅርጽ በሚያሳየው «የጥንት ሄሊኮፕተር» ፎቶ ነው። የድንጋዩን አቀራረጽ ያወቀ ሰው ግን በሄሊኮፕተሩ አይታለልም።

የጥንቶቹ ባለሙያዎች መጀመሪያ ግድግዳውን ያለሰልሳሉ። ቀጥለው ቀይ ቀለም የነከሩትን ገመድ ወጥረው እየለቀቁ በካሬ ይከፋፍሉታል። የቆመ ሰው ከእግሩ ሥር እስከ ግንባሩ የጸጉር መስመር 18 ካሬ ይይዛል። ሠዓሊው በቀይ ይነድፋል፣ አለቃው በጥቁር ያርማል፤ ከዚያ መሮው ይገባል።

አቀራረጹ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በዙሪያው ያለውን ድንጋይ ጠርቦ ምስሉ ከፍ ብሎ እንዲቀር ያደርጋል፤ አድካሚ ቢሆንም በደብዛዛ ክፍል ውስጥ ውበቱ ይወጣል። ሁለተኛው ምስሉን ወደ ውስጥ ይቆፍራል፤ ይፈጥናል፣ በጠራራ ፀሐይም ጥላው ጎልቶ ይታያል። ሴቲ የውስጡን በመጀመሪያው መንገድ አስቀረጸ። ሥራው ሳያልቅ ስለሞተ፣ ልጁ ዳግማዊ ራምሴስ የፊተኛውን ክፍል በሁለተኛው ጨረሰው። 24 ዓምዶች ካሉት የፊተኛው አዳራሽ 36 ዓምዶች ወዳሉት የውስጠኛው ስትሻገሩ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

«ሄሊኮፕተሩ» ያለው ከፊተኛው አዳራሽ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ አግዳሚ ድንጋይ ላይ ነው። የሴቲ የማዕረግ ስም በጀሶ ተደፍኖ የራምሴስ ተቀረጸበት። በዘመን ብዛት ጀሶው ረገፈና ሁለቱ ጽሑፎች ተደራርበው ታዩ። ይኸው ነው!

እባካችሁ ከዚያ አልፋችሁ ወደ ሰባቱ ክፍሎች ግቡ። ከግራ ወደ ቀኝ የንጉሡ የሴቲ፣ ከዚያም የስድስቱ አማልክት የፕታህ፣ የራ ሆራክቲ፣ የአሙን ራ፣ የኦሲሪስ፣ የኢሲስና የሆረስ ናቸው። ግድግዳዎቻቸው የዕለቱን አገልግሎት ያሳያሉ፤ ንጉሡ መዝጊያውን ይከፍታል፣ ያጥናል፣ ጣዖቱን ቅባት ይቀባል፣ ያለብሳል። በስድስቱ ክፍሎች የኋላ ግድግዳ ላይ ያለው በር የተቀረጸ የሐሰት በር ነው፤ የኦሲሪስ ብቻ እውነተኛ በር ሆኖ ወደ ኋላ ክፍሎች ያስገባል። ቀለሙ እስከ ዛሬ ሳይጠፋ የቆየበት ቦታ ብዙ ነው።

በግራ በኩል ባለው መተላለፊያ የ76 የግብፅ ነገሥታት ስም ዝርዝር አለ። ከነገሥታቱ ሃትሼፕሱት፣ አኬናተንና ቱታንክሀሙን ሆን ተብሎ ተዘለዋል።

መብራት ከያዛችሁ ፊት ለፊት አታብሩት፤ ጥላውን ያጠፋና ምስሉን ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ለግድግዳው አስጠግታችሁ ከጎን አብሩት፤ የጣት ጥፍሮችና የልብስ እጥፋቶች ያኔ ይታያሉ። በእጃችሁ ግን አትንኩ፤ የእጅ ላብና ቅባት ቀለሙን ይበላዋል።