የኔቪገስ ማርያም፦ አርማታው ራሱ ጣሪያ የሆነበት ቤተ ክርስቲያን

(ምስል፦ ትንሽ የወረቀት ሥዕል)

ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህች ብጣሽ ወረቀት ነው፤ ከጸሎት መጽሐፍ የወጣች የእመቤታችን ሥዕል። በ1676 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጀርመኗ ዶርስተን ይኖር የነበረው ፍራንሲስካዊው መነኩሴ አንቶኒዮስ ሺርሊ በፊቷ ሲጸልይ «ወደ ሃርደንበርግ ውሰደኝ፣ በዚያ ልከበር» የሚል ድምፅ ሰማ ይባላል። ሃርደንበርግ የዛሬዋ ኔቪገስ ናት። ፍራንሲስካውያን እዚያ ገዳም እያቋቋሙ ስለነበር ሥዕሏ ተላከችላቸው። በ1681 የፓደርቦርኑ ጳጳስ ፈርዲናንድ ፎን ፉርስተንበርግ ከሕመማቸው ድነው ስለታቸውን ሊያደርሱ መጡ፤ ተሳላሚውም እየበዛ ሄደ።

(ምስል፦ ግራጫው ሕንፃ ከደረጃው ግርጌ)

ከጊዜ በኋላ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ሰዉን አልችል አለ። ለአዲሱ የአርክቴክቱ የጎትፍሪድ ቦም ንድፍ ተመረጠ። ዓይናቸው የደከመው የኮሎኙ ካርዲናል ዮሴፍ ፍሪንግስ ሞዴሉን በእጃቸው ዳሰው ወደዱት ይባላል። በ1968 ተመረቀ፤ በኮሎኝ ሀገረ ስብከት ከካቴድራሉ ቀጥሎ ትልቁ ነው። ውስጡ እንደ ከተማ አደባባይ ነው፦ ወለሉ ጡብ፣ መብራቶቹ የመንገድ መብራት የሚመስሉ።

(ምስል፦ ጣሪያው በቅርበት)

ችግሩ እዚህ ነው። እንዲህ ያለ ጣሪያ በቆርቆሮ ወይም በሸክላ ይሸፈን ነበር፤ ቦም ግን አርማታውን ራቁቱን ተወው። በፀሐይ ይለጠጣል፣ በውርጭ ይኮማተራል፤ መላወሻ ስለሌለው ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ ፌሮው ይዝጋል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይፈነቅለዋል። ቀደም ብሎ የተቀባው ሙጫ መሰል ሽፋንም አልበጀም፦ ከሥሩ ያለው ስንጥቅ ይንቀሳቀሳልና ሽፋኑም አብሮ ይቀደዳል። ቆርቆሮ ማልበስ ፍሳሹን ያቆመው ነበር፤ ግን ሕንፃው ያንኑ ሕንፃ አይሆንም።

መፍትሔው ከአኸን ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች መጣ፦ 2,700 ካሬ ሜትር በሚሆነው ጣሪያ ላይ ስስ ኮንክሪት ይረጫል፣ የካርቦን ክር መረብ ይነጠፋል፣ እንደገና ይረጫል። ካርቦን አይዝግም፤ ስለዚህ እንደ ፌሮ ወፍራም መከለያ አያስፈልገውም፣ ጣሪያውንም አያከብደውም። መረቡ አንዱን ሰፊ ስንጥቅ ውኃ ወደማያሳልፉ ብዙ የፀጉር ያህል ቀጫጭን ስንጥቆች ይከፋፍለዋል። የቦም ልጅ ፔተር የአባቱን ሥራ መልክ እየጠበቀ ጥገናውን መራ።

ጥገናው ሲካሄድ ገዳሙ ባለቤት ቀየረ። መነኮሳቱ ቁጥራቸው እየመነመነ ስለመጣ በጥር 2020 ኔቪገስን ለቀቁ፤ በዚያው ዓመት ከፈረንሳይ የተነሣው የቅዱስ ማርቲን ማኅበር ካህናት ተተኩ።

(ምስል፦ የማርያም ጸሎት ቤት)

ሥዕሏ አሁንም እዚያው ናት። ከግዙፉ አዳራሽ ወደ ጎን ወጣ ብላችሁ፣ ሥዕሏ ያለችበት ዓምድ አጠገብ በደንብ ካልተጠጋችሁ ግን አትታያችሁም።