ውርጩ ሳያልፍ የሚጀመር የጓሮ አትክልት፦ በዋሽንግተን ዙሪያ ለምትኖሩ

(ምስል፦ የኤፕሪል መጀመሪያ ማለዳ። ከቤት ጀርባ ያለ ጠባብ መሬት፤ የሣሩ ጫፍ በአመዳይ ነጥቷል።)

የተከበራችሁ ተመልካቾች፣ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የምትኖሩ ሁሉ ጸደይ በመጣ ቁጥር የሚገጥማችሁ አንድ ፈተና አለ። ማርች ሲጋመስ ፀሐይዋ መሞቅ ትጀምራለች፣ ዛፉ ያብባል፣ ብዙም ሳይቆይ መደብሮች የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ በር ላይ ይደረድራሉ። ችግኙ ተገዝቶ በተተከለ በሳምንቱ ግን አንድ ሌሊት ውርጭ ይወርድና ጠዋት ቅጠሉ ጠቁሮ፣ ተልፈስፍሶ ይገኛል። ከውርጩ የተረፈውን ደግሞ ትል ይቆርጠዋል። በዚህ ቪዲዮ የምናሳየው ብርዱንና ተባዩን ለየብቻ ከማሳደድ ይልቅ አትክልቱን በየወቅቱ ለይቶ በመትከልና አንድ ስስ ነጭ ጨርቅ በጊዜው በመዘርጋት ሁለቱንም እንዴት መመከት እንደሚቻል ነው።

አስቀድሞ የውርጭን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በአገራችን ደጋ ያደገ ሰው ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ሌሊቶች፣ ውርጭ ባቄላውን እንዴት እንደሚመታው ያውቃል። እዚህ ወቅቱ ቢለይም አሠራሩ ያው ነው። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለበት ሌሊት ምድር ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት ደመና ሳይከልላት ወደ ላይ ትለቀዋለች፤ ቀዝቃዛው አየርም ከባድ ስለሆነ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ስለዚህ በአንድ ጓሮ ውስጥ እንኳ ተዳፋቱ ሥር ያለው መደብ ሲመታ ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ ያለው ሊተርፍ ይችላል። በተጨማሪም የአየር ትንበያው የሚነግረን ሙቀት ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በሰው ቁመት አካባቢ የሚለካውን ነው። በስልካችሁ ላይ 36 ፋራናይት፣ ማለትም 2 ሴልሺየስ ገደማ ብታዩም፣ ቅጠሉ ባለበት በመሬቱ ላይ ሙቀቱ ከዜሮ ሴልሺየስ በታች ሊወርድ ስለሚችል «ገና በረዶ አይደርስም» ብላችሁ አትተኙ።

የመጨረሻው ውርጭ ቀን በየሰፈሩ ይለያያል። በዲሲ መሃል ከተማና በፖቶማክ ወንዝ ዳር ሕንፃውና ውኃው ሙቀት ስለሚይዙ ብዙውን ጊዜ ኤፕሪል ከመጋመሱ በፊት ያልፋል። ወደ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያና ወደ ፍሬድሪክ ስትወጡ ግን እስከ ኤፕሪል መጨረሻ፣ አንዳንድ ዓመትም እስከ ሜይ ይዘልቃል። በ2020 በሜይ ሁለተኛ ሳምንት ከሰሜን ዋልታ የወረደ ቅዝቃዜ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በረዶ ሲያዘንብ፣ በዚህ አካባቢም ከከተማ ወጣ ላሉ ሰፈሮች ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ነበር። ብዙ ሰው የሚመለከተው፣ የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር በ2023 ያደሰው የተክል ቀጠና ካርታ የሚያሳየው የክረምቱ ብርድ እስከ ምን ድረስ እንደሚወርድ ነው እንጂ የጸደይ ውርጭ መቼ እንደሚያበቃ አይደለም። ስለዚህ የመትከያ ቀን ከዚያ ካርታ ላይ መፈለግ ያሳስታል።

(ምስል፦ ሁለት ቅርጫት። በአንደኛው ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፤ በሌላው ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ዱባ።)

ከዚህ በኋላ ያለው ዋና ሥራ አትክልቱን በሁለት መክፈል ነው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ አተርና ሽንኩርት ቀለል ያለ ውርጭ ይችላሉ፤ ከማርች መጨረሻ ጀምሮ ሊዘሩ ወይም ሊተከሉ ይችላሉ። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ፎሶሊያ፣ ዱባ፣ ዝኩኒና በሶብላ ግን የሞቃት አየር ተክሎች ናቸው። ውርጭ ባይነካቸው እንኳ አፈሩ ከቀዘቀዘ ሥራቸው አይሠራምና ባሉበት ቆመው ይቀራሉ። ስለዚህ እነርሱን በኤፕሪል መጀመሪያ ማውጣት ምንም ጊዜ አያተርፍም፤ በሜይ አጋማሽ በሞቀ አፈር ላይ የተተከለው ቃሪያ ቀድሞት ይሄዳል። ይህንን ደጋግመን የምንናገረው በየዓመቱ ሰው ገንዘቡንና ልፋቱን የሚያጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

ድንች በሁለቱ መካከል ይቀመጣል። ከማርች መጨረሻ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ሊተከል ይችላል፤ ቡቃያው ብቅ ካለ በኋላ ውርጭ ቢያቃጥለውም ከመሬት ውስጥ ካለው ዓይን እንደገና ያቆጠቁጣል። ብርድ የሚጠበቅበት ምሽት ላይ ለቡቃያው አፈር ብታስታቅፉት ግን ጉዳቱ ይቀራል፤ ይህ ደግሞ ለድንቹ ከውርጩ ጋር ሳይያያዝም የሚያስፈልገው ሥራ ነው።

ስለ ጎመን አንድ ማሳሰቢያ አለ። እዚህ ኮላርድ እየተባለ የሚሸጠው ጎመን ብርድን የሚወድ ቢሆንም፣ ችግኙ በቤት ውስጥ በጣም አድጎ፣ ግንዱ ወፍሮ ከወጣ በኋላ ሙቀቱ ከ50 ፋራናይት፣ ማለትም ከ10 ሴልሺየስ በታች ሆኖ ለሳምንታት ከቆየበት፣ ተክሉ ክረምት ያለፈ ይመስለውና ቅጠል መስጠቱን ትቶ ወደ አበባ ይሄዳል። ስለዚህ ችግኙ አራት ወይም አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ ገና ቀጭን ሳለ መተከል አለበት።

(ምስል፦ እጅ አፈር ጨብጦ ይከፈታል፤ የተጨበጠው አፈር በአውራ ጣት ሲነካ ይፈራርሳል።)

መሬቱን ከመቆፈራችሁ በፊት እርጥበቱን ፈትኑ። ከአንድ የአካፋ ምላስ ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር አውጡና ጨብጡት፤ ከዚያ እጃችሁን ከፍታችሁ በአውራ ጣት ነካ አድርጉት። ከፈራረሰ መሬቱ ለቁፋሮ ደርሷል፤ እንደ ጭቃ ተጣብቆ ከቀረ ግን ጥቂት ቀናት ታገሡ። የዚህ አካባቢ አፈር አብዛኛው ሸክላማ ነውና እርጥብ ሳለ የተቆፈረ እንደሆነ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል፤ ያንን ለማስተካከል አንድ ወቅት ሙሉ ይፈጃል። ቤታችሁ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ከጥንቱ ቀለም የረገፈ እርሳስ በግድግዳው ዙሪያ ባለው አፈር ውስጥ ሊኖር ስለሚችል፣ ለልጆቻችሁ የምታበሉትን ከማብቀላችሁ በፊት አፈሩን አስመርምሩ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የኤክስቴንሽን አገልግሎት ናሙና አወሳሰዱንና ናሙናው ወዴት እንደሚላክ ይገልጻል።

ችግኝ በቤት ማፍላት ለምትፈልጉ፣ ቃሪያ ከመተከሉ ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት፣ ቲማቲም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀደም ብሎ ይዘራል። የመስኮት ብርሃን ብቻውን አይበቃም፤ ችግኙ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዝና ቀጥኖ ይወድቃል። ከችግኙ በላይ ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት የሚበራ ተራ የኤልኢዲ መብራት ይህንን ይፈታል። ከቤት የወጣ ችግኝ ወዲያው ፀሐይና ነፋስ ላይ መጣል የለበትም። የመጀመሪያውን ቀን ጥላ ሥር አንድ ሰዓት ያህል፣ ከዚያ በየቀኑ ጊዜውን እየጨመራችሁ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ብታላምዱት ቅጠሉ ይጠነክራል።

(ምስል፦ አመሻሽ። ሁለት ሰዎች በመደቡ ላይ ነጭ ጨርቅ ሲዘረጉ።)

አሁን ወደ ጨርቁ እንምጣ። ይህ በአትክልት መደብሮች በጥቅል የሚሸጥ፣ ብርሃንና ዝናብ የሚያሳልፍ ስስ ነጭ ሽፋን ነው። ቀጭኑ ዓይነት ከ2 እስከ 4 ፋራናይት ያህል ብርድ ይከላከላል፤ ወፍራሙ ከዚህ ይበልጣል፣ ነገር ግን ብርሃን ይቀንሳል። በውርጭ ሌሊት ሥራው የሚጀምረው ከቀትር በኋላ ነው። በመጀመሪያ አፈሩን አጠጡ፤ እርጥብ አፈር ከደረቁ ይልቅ ሙቀት ይይዛልና ሌሊቱን ቀስ እያለ ይለቀዋል። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት፣ ሙቀቱ ገና መሬቱ ላይ ሳለ፣ በታጠፈ ሽቦ ወይም በፕላስቲክ ቱቦ ቅስት ላይ ጨርቁን ዘርጉና ጠርዙን ዙሪያውን እስከ መሬት አውርዳችሁ በአፈር ወይም በድንጋይ ያዙት። ጨርቁ የሚያቅበው ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ስለሆነ፣ በተክሉ አናት ላይ ብቻ ተጠቅልሎ ከሥር የተከፈተ ሽፋን ጥቅም የለውም። ጨርቅ ከሌላችሁ የአልጋ አንሶላም ያገለግላል፤ ፕላስቲክ ግን ቅጠሉን ከነካ የነካበትን ቦታ ውርጩ ያቃጥለዋል፣ ጠዋት ሳይነሳ ከቀረም ፀሐይዋ ከሥሩ ያለውን ትቀቅለዋለች።

ብሔራዊው የአየር ትንበያ አገልግሎት በዚህ ወቅት ከሚያወጣቸው መልእክቶች ሁለቱን ለይታችሁ እወቁ። አንደኛው የውርጭ ማሳሰቢያ ሲሆን ለጎመንና ለካሮት አያሰጋም፤ ሁለተኛው ሙቀቱ እስከ 32 ፋራናይት ወይም ከዚያ በታች እንደሚወርድ የሚገልጸው ማስጠንቀቂያ ነው። ይህ ሲወጣ፣ በተለይም 28 ፋራናይት ሲጠበቅ፣ ብርድ የሚችሉትንም መሸፈን ተገቢ ነው። በባልዲና በማሰሮ የተከላችሁ፣ በአፓርታማ በረንዳ ላይ ያላችሁ፣ ሥሩ በአፈር ስላልተከበበ ብርዱ ፈጥኖ ይደርስበታል፤ ነገር ግን አንስታችሁ ወደ ቤት ማስገባት ትችላላችሁና በዚህ ዕድለኞች ናችሁ።

(ምስል፦ የጎመን ቅጠል ተገልብጦ፤ በጀርባው አንዲት ጠባብ፣ ቢጫማ እንቁላል ቆማለች።)

ይኸው ጨርቅ ተባይንም ይከላከላል። በኤፕሪል መደቡ ላይ ስትበር የምትታየው፣ በክንፏ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ነጭ ቢራቢሮ ለዓይን ታምራለች፤ የምትፈልገው ግን ጎመናችሁን ነው። እንቁላሏን በቅጠሉ ጀርባ አንድ በአንድ ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው ትል በቀለሙ ከቅጠሉ አይለይምና ከትሉ ይልቅ በቅጠሉ እቅፍ ውስጥ የተጠራቀመችው ጥቁር አረንጓዴ ኩስ ቀድማ ትታያለች። ጎመኑ በተተከለበት ዕለት ጨርቁ ጠርዙ ሳይከፈት ከተዘረጋ ቢራቢሮዋ ቅጠሉን ልታገኘው አትችልም። ጎመን የምንፈልገው ለቅጠሉ እንጂ ለፍሬው ስላልሆነ ንብ አያስፈልገውም፤ ሽፋኑ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ግን ወፍራሙን በቀጭኑ ወይም በመረብ ለውጡት።

ትሉ አስቀድሞ ከገባ በየሁለት ቀኑ ቅጠሉን እያገላበጣችሁ በእጅ መልቀም ለትንሽ ጓሮ ይበቃል። ከበዛ በስሙ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የሚባል፣ ከባክቴሪያ የሚሠራ መድኃኒት አለ፤ ትሉ ሲበላው ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ቅጠሉን ከሁለቱም ወገን ማዳረስ ያስፈልጋል፣ ፀሐይም ስለምታበላሸው አመሻሽ ላይ ይረጫል። በመያዣው ላይ የተጻፈውን መጠንና መመሪያ ጠብቁ።

ጨርቁ የማያስጥለው አንድ ጠላት ቆራጭ ትል ነው፤ ምክንያቱም እርሱ ቀድሞ አፈሩ ውስጥ አለ። ሌሊት ይወጣና ለጋውን ችግኝ ከመሬት ልክ ይቆርጠዋል፤ ጠዋት ችግኙ ሙሉውን ወድቆ ታገኙታላችሁ። በወደቀው ችግኝ ዙሪያ አፈሩን ሁለትና ሦስት ሴንቲሜትር ያህል በጣታችሁ ብትጭሩ ተጠቅልሎ የተኛ፣ ግራጫ፣ ወፍራም ትል ትደርሱበታላችሁ። ካልተገደለ በማግስቱ ወደሚቀጥለው ያልፋል። መከላከያው ቀላል ነው፦ የሽንት ቤት ወረቀት ማዕከል የሆነውን የካርቶን ቱቦ ቁረጡና ችግኙን ስትተክሉ በግንዱ ዙሪያ አጥልቁት፤ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል መሬት ውስጥ፣ አምስት ሴንቲሜትር ከመሬት በላይ ይሁን። ግንዱ ሲጠነክር ካርቶኑ ራሱ ይበሰብሳል።

በሰናፍጭ ነክ ቅጠሎችና በደበርጃን ላይ ወንፊት የመሰለ ጥቃቅን ቀዳዳ ካያችሁ እንደ ቁንጫ የምትዘል ጥቁር ጥንዚዛ ናት፤ እርሷንም ጨርቁ ያስቀራታል። በድንች ላይ ቢጫና ጥቁር መስመር ያላት ጥንዚዛ ብርቱካናማ እንቁላሏን በክምር ስለምትጥል ቅጠሉን ገልብጣችሁ ጨፍልቁት። እርሷ ግን ክረምቱን አፈር ውስጥ ተኝታ ታልፋለች፤ አምና ድንች በነበረበት መደብ ላይ ዘንድሮም ድንች ተክላችሁ ብትሸፍኑት ተባዩን ከምግቡ ጋር አብራችሁ መዝጋታችሁ ነው። ስለዚህ መደብ ማቀያየር የሽፋኑ ግማሽ ሥራ ነው። ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ሲታይ በጠንካራ የውኃ ፍሰት ማጠብ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ክሽክሹን የሚበሉትን ነጠብጣብ ያላቸውን ቀይ ጥንዚዛዎች በመርዝ እንዳትፈጁ አደራ እንላለን።

ጥንቸልን ለመከልከል ከ60 ሴንቲሜትር የማያንስ፣ ታችኛው ጠርዙ የተቀበረ የዶሮ ሽቦ ያስፈልጋል። አጋዘን ግን ከፍተኛ አጥር ይዘላል፤ ሁነኛ መከላከያው ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነውና፣ ይህን ማድረግ ለማትችሉ መደቡን በመረብ መሸፈን ይቀላል።

(ምስል፦ ሜይ፣ ቀትር። ቃሪያና ቲማቲም በመስመር እየተተከሉ ነው።)

ሜይ ሲጋመስ፣ ሌሊቱ ከ50 ፋራናይት በታች መውረዱን ሲያቆም፣ የቲማቲሙና የቃሪያው ተራ ይደርሳል። ዱባና ዝኩኒ ገና ለጋ ሳሉ ሊሸፈኑ ይችላሉ፤ የመጀመሪያው አበባ እንደታየ ግን ንቧ እንድትገባ ጨርቁ መነሣት አለበት፣ አለበለዚያ ፍሬ አይዝም። ያነሣችሁትን ጨርቅ እጠቡት፣ አድርቁት፣ አጥፋችሁ አስቀምጡት፤ የበልጉ ጎመን በሙቀቱ ሲመርር በጁላይ መጨረሻ የመኸሩን ጎመን ስትዘሩ ቢራቢሮዋ በዚያን ጊዜ ቁጥሯ በዝቶ ትመጣለችና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትፈልጉታላችሁ።