አክተሩ ከወደቀ በኋላ

የተከበራችሁ የፊልም ክበባችን አባላት፣ እንግዶቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ።

በምሥረታ በዓላችን ላይ ንግግር እንዳደርግ ስታዝዙኝ፣ የክበቡን ታሪክ እንድተርክ እንደፈለጋችሁ አውቃለሁ። ታሪኩን ግን አብረን ኖረነዋል። እኔ የመጣሁት ዛሬ ስላየነው ፊልም ልሟገት ነው፤ በ1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለወጣው ስለ «ኤግዚኪዩቲቭ ዲሲዥን»።

መጀመሪያ ያየሁት በቪዲዮ ካሴት፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው። ወንድሜ በፊልሙ የኮማንዶዎቹን መሪ ሆኖ የሚጫወተውን ስቲቨን ሲጋልን አጥብቆ ይወድ ነበር። በልጅነታችን ደግሞ የማይሻር ሕግ ነበረን፦ አክተሩ አይሞትም። ኮማንዶዎቹ በሰማይ ላይ ወደ ተጠለፈው ቦይንግ 747 መሻገር ሲጀምሩ ወንድሜ ከመቀመጫው ተነሣ። ሲጋል ሌሎቹን ለማዳን በሩን ከታች ዘጋና ወደቀ። ፊልሙ ገና ግማሽ እንኳ አልደረሰም! ወንድሜ ካሴቱን ወደ ኋላ አጠነጠነው። ደግመን አየን፤ አሁንም ወደቀ። «ይህ ካሴት ተቆርጧል፤ የሚተርፍበት ክፍል ጎድሏል» አለኝ። እስከ መጨረሻው ድረስ ሰውየው በአንዱ በር ብቅ ይላል ብሎ ጠበቀ።

እኔ ግን ያን ቀን ፊልም እያየሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ፈራሁ። ሲጋል ከሞተ ማንም ሊሞት ይችላል።

ከእርሱ በኋላ የቀሩት እነማን ናቸው? ከግብዣ ላይ በክት ልብሱ የተጠራ የስለላ መረጃ ተንታኝ አለ፤ ከርት ራስል። ወደ አውሮፕላኑ ሊገባ ያልታሰበ መሐንዲስ አለ። አንገቱ ተጎድቶ መንቀሳቀስ የተሳነው የፈንጂ ባለሙያም አለ። በአውሮፕላኑ የተጠመደውን ፈንጂ ለመፍታት ባለሙያው ተጋድሞ በቃል ይመራል፤ የመሐንዲሱ እጆች ይሠራሉ። ሬዲዮ የላቸውም። ከጠላፊዎቹ የሚለያቸው አንድ ወለል ብቻ ስለሆነ ጮክ ብለው መነጋገር አይችሉም። ሃሊ ቤሪ የምትጫወታት የበረራ አስተናጋጅ ምሥጢሩን ካወቀች በኋላ በጠላፊዎቹ ፊት መረጋጋት አለባት። ውጭ ደግሞ አውሮፕላኑን መትተው ሊጥሉ የተዘጋጁ ተዋጊ ጄቶች ይከተላሉ።

ይህንን ነው «ቀላል ፊልም» ብላችሁ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመርሐ ግብራችን የሰረዛችሁት! አንድ ሰው ሲፈራ፣ ሲያስብና ፈርቶም ሲሠራ ማሳየት ከመቼ ወዲህ ቀለለ? ዛሬ ጥይት የማይነካው፣ ከሰማይ ወድቆ አቧራውን አራግፎ የሚሄድ ጀግና እናያለን። ለእርሱ ማን ይጨነቃል? እኔ አልጨነቅም። እናንተም አትጨነቁም፤ ዛሬ ግን ፈንጂው ሲፈታ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የሳለ ሰው አልነበረም!

እንከኑን አልደብቅም። እስልምናን ከሽብር ጋር አጣብቆ የሣለበት መንገድ ያኔም ተቃውሞ ገጥሞታል፤ ተቃውሞው ልክ ነበር። በበጎ ጎኑ ግን፣ ዳይሬክተሩ ስቱዋርት ቤርድ ለረጅም ጊዜ የፊልም አርታኢ እንደነበረ በእያንዳንዱ ትዕይንት ይታያል። የጄሪ ጎልድስሚዝ ሙዚቃም ሌላ ምሽት ይፈልጋል።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የሚቀጥለው ዓመት መርሐ ግብር ሲወጣ፣ በየወሩ አንዱ ምሽት እንደዚህ ላሉ ፊልሞች ይሁን። ሐሳቡን አሁኑኑ ለድምፅ አቀርባለሁ፤ የምትደግፉ እጃችሁን አንሡ።