ሦስት ማዕዘኗ ውስጥ ያለችው ቁጥር ምን ትላለች?

ሰላም ሰላም! እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ላወራ ያሰብኩት የቤት ቆሻሻ ከደጃችሁ ከተነሣ በኋላ የት እንደሚሄድ ነበር። ግን ባለፈው ቪዲዮ ሥር ስለ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች አንድ ኮመንት በጣም ተደጋገመ። «የሪሳይክል ምልክት አለበት እኮ፣ ለምን አይወስዱትም?» እሺ፣ መጀመሪያ እሱን እንጨርስ።

እስቲ አጠገባችሁ ያለ የፕላስቲክ ዕቃ አንሡና ገልብጡት። አዎ፣ ቂጡን እዩት። ትንሽ ሦስት ማዕዘን፣ ዙሪያዋን ቀስት፣ መሃሏ ላይ ቁጥር። ከ1 እስከ 7። ይህን ቁጥር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 የአሜሪካ የፕላስቲክ አምራቾች ማኅበር ነው። የሚናገረውም ዕቃው ከምን ዓይነት ፕላስቲክ እንደተሠራ ብቻ ነው። አለቀ።

መታወቂያ ማለት ነው። መታወቂያ ማን እንደሆናችሁ ይናገራል። ሥራ አላችሁ ይላል? አይልም! ቀጣሪ ዘንድ ሄዳችሁ ብታሳዩት «አወቅኳችሁ፣ ግን ክፍት ቦታ የለም» ልትባሉ ትችላላችሁ። ፕላስቲክም እንደዚያው ነው፤ የእሱ ቀጣሪ ሪሳይክል የሚያደርገው ፋብሪካ ነው። 1 ቁጥር፣ ፔት፣ የውሃ ጠርሙሱ፣ ብዙ ጊዜ ቀጣሪ አያጣም። 2 ቁጥር፣ የፈሳሽ ሳሙናው ዕቃ፣ እሱም ይፈለጋል። 6 ቁጥር፣ ነጩ ፎም የሚሠራበት፣ መታወቂያው በእጁ ነው፤ ግን ብዙ ቦታ በር ይዘጋበታል። 7 ቁጥር ደግሞ «ሌላ» ማለት ነው። መታወቂያችሁ ላይ በስም ፈንታ «ሌላ ሰው» ተብሎ ቢጻፍ አስቡት! ማን ይቀጥራችኋል?

ያሳሳቱን ቀስቶቹ ናቸው፤ «ሪሳይክል ይደረጋል» የሚሉ ይመስላሉ። እኔ መጀመሪያውኑ መግባት አልነበረባቸውም ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2013 የምልክቱ ደረጃ ተሻሽሎ በተራ ሦስት ማዕዘን ተተክተዋል፤ አሮጌው ቅርጽ ግን ዛሬም በየዕቃው ላይ አለ። ስለዚህ ሰብሳቢዎቻችሁን «የትኛውን ቁጥር ትወስዳላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የተሰበሰበው ቆሻሻ በየዓይነቱ ወደሚለይበት ጣቢያ እንሂድ፣ ቶሎ ልለፈው። ማግኔት ብረቱን ይስባል። አሉሚኒየሙን የሚሽከረከር ማግኔት አስፈንጥሮ ይለየዋል። ፕላስቲኩ በኢንፍራሬድ፣ ማለትም ዓይን በማያየው ብርሃን ይለያል። ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ 2 ቁጥር እና 5 ቁጥር ይንሳፈፋሉ፣ 1 ቁጥር ይሰምጣል። ችግሩ 3 ቁጥር፣ ፒቪሲ፣ የቧንቧው ፕላስቲክ፣ እሱም ይሰምጣል። ጥቂት ፒቪሲ ከፔት ጋር አብሮ ከቀለጠ አሲድ ይለቅና ፔቱን ያበላሸዋል።

አደራ፣ የለያችሁትን ፌስታል ውስጥ ቋጥራችሁ አትስጡ። ፌስታል የማሽኑ ዘንግ ላይ ይጠመጠማል። ከዚያ ማሽኑ ይቆማል፣ ሠራተኛ ገብቶ በቢላ እየቆረጠ ያወጣዋል። ባትሪማ በፍጹም! ሊቲየም ባትሪ ሲጨፈለቅ እሳት ያስነሣል። የሚቀጥለው ቪዲዮ ሙሉ በሙሉ ስለ ባትሪ ነው፤ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አሁኑኑ አድርጉ።