እንግሊዝኛ ስትፅፉ ቃሉን ከነባልንጀራው ያዙት

ሰላም ናችሁ የደሴ ልጆች፣ ከኮምቦልቻና ከሐይቅ የመጣችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ፣ መምህራኖቻችንም ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁልን እግዜር ይስጥልን አላህ ይስጥልን።

ዛሬ ስለ ግራመር አይደለም የማወራው፣ ግራመሩንማ ሸምድደነዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ቴንሱ ልክ ስፔሊንጉ ልክ ሆኖ ፅሁፉ ግን እንግሊዝኛ እንግሊዝኛ የማይለው ነገር ነው፣ ጎበዝ ልጅ ጥሩ ሀሳብ ይዞ የስኮላርሺፕ ደብዳቤው እያደናቀፈ ሲነበብ ያሳዝናል። ችግሩ ኮሎኬሽን ላይ ነው፣ ማለትም የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ።

ዋናዎቹ አስቸጋሪዎች "ሜክ" እና "ዱ" ናቸው። እኛ ቤትም እንሰራለን፣ የቤት ስራም እንሰራለን፣ ስህተትም እንሰራለን፣ ጥናትም እንሰራለን፣ ሁሉም መስራት ነው። እንግሊዝኛው ግን ይለያቸዋል፣ ስህተት ከሆነ "ሜክ ኤ ሚስቴክ"፣ የቤት ስራ ከሆነ "ዱ ሆምወርክ"፣ ጥናትም "ዱ ሪሰርች" ነው እንጂ "ሜክ ሪሰርች" አይባልም። ውሳኔ እኛ እንሰጣለን፣ እነሱ ደግሞ "ሜክ ኤ ዲሲዥን" ይላሉ። ለምን ካላችሁ አብዛኛው ልምድ ነው፣ ዝናቡ "ሄቪ" ነው ነፋሱ "ስትሮንግ" ነው፣ በቃ እንደዛ ለምደውታል። እንግሊዛዊው የቋንቋ ምሁር ጆን ሩፐርት ፈርዝ በ1957 በፈረንጆቹ ቃልን በባልንጀራው ታውቀዋለህ ያለው ይሄንኑ ነው።

ሌላው በየአሳይመንቱ የማየው "ዲስከስ አባውት" ነው። "ስለ" የምትለዋን ከአማርኛችን ይዘናት ሄደን ነው፣ ግን "ዲስከስ ዘ ፕሮብለም" ብሎ ይበቃል፣ "አባውት" ካስፈለገ "ቶክ አባውት" አለ።

ስለዚህ እባካችሁ በአንድ በኩል ቃል በሌላ በኩል ትርጉም የምንደረድርበትን ደብተር እንተወው። "ዲሲዥን" የሚለውን ብቻውን አትፃፉት፣ "ሜክ ኤ ዲሲዥን" ብላችሁ ፃፉና ከስሩ ስለራሳችሁ ኑሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት። ዲክሽነሪ ስታዩም ትርጉሙን አይታችሁ አትዝጉት፣ ከስሩ ያለችው ምሳሌ ናት ቁም ነገሩ፣ የኮሎኬሽን ዲክሽነሪ ካገኛችሁማ እንደ "ዲሲዥን" ያለውን ስም ስትፈልጉ አብረውት የሚሄዱትን ግሶች ይደረድርላችኋል። አብሽሩ፣ በአንዴ አይመጣም፣ እያነበባችሁ ምልክት እያደረጋችሁ ስትሄዱ እጃችሁ ራሱ ይለምደዋል።

አሁን ሁለት ሁለት ሁኑና ይዛችሁ የመጣችሁትን ማመልከቻ ተለዋወጡ፣ የጓደኛችሁ ግስ ከስሙ ጋር ይሄዳል አይሄድም የሚለውን ብቻ እያያችሁ አስምሩበት፣ እኔና መምህራኖቹ እየዞርን እናያለን።